«ስቦርሽ ድዴ ይደማል፤ ልተወው?» ለምትሉ የ14 ቀን የቤት አሠራር

ይህን ጥያቄ ያልተጠየቅኩበት ቦታ የለም። ሰርግ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር። ጥርስ ሕክምና ላይ እንደምሠራ የሰማ ሰው ከንፈሩን ገልበጥ አድርጎ «እስኪ እየው፣ ስቦርሽ ይደማል» ይለኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እንዳይብስብኝ ብዬ መቦረሽ ትቻለሁ።»

አትተዉት። ድድ ብዙ ጊዜ የሚደማው ብሩሽ ስለነካው ሳይሆን ቀድሞውኑ ስለተቆጣ ነው። ጥፍራችሁን ጥርሳችሁ ሥር ብትጎትቱት ነጣ ያለ ለስላሳ ነገር ይዞ ይወጣል። ፕላክ ይባላል፤ በባክቴሪያ የተሞላ ነው። ሰውነት እሱን ለመዋጋት ወደ ድዱ ብዙ ደም ይልካል። ድዱ ያብጣል፣ የውስጥ ሽፋኑ ይሳሳል፣ ትንሽ ሲነኩት ይደማል። መቦረሽ ስታቆሙ ፕላኩ ይወፍራል፤ ደሙም ይብሳል።

ጤነኛ ድድ እንኳ ሳይጸዳ ከቆየ በ2 ወይም በ3 ሳምንት ውስጥ ይቆጣል። ጽዳቱ በደንብ ሲመለስ ደግሞ ቁጣው በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይበርዳል። የ14 ቀኑ ነገር ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ፦ በቤት የማይሞከር

ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ መመሪያውን ትታችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

- ደሙ ሳትነኩት የሚፈስ ከሆነ፣ ወይም በንጹሕ ጨርቅ 20 ደቂቃ ተጭናችሁት ካልቆመ።
- ከድዱ ሌላ አፍንጫችሁ የሚደማ፣ ቆዳችሁ ሳትመቱ የሚበልዝ፣ ትኩሳትና ድካም ያለ ከሆነ። ይህ የጥርስ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። የደም ምርመራ ይፈልጋል።
- ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ። ይህ ለነገ አይባልም። እብጠቱ ወደ ታች ወርዶ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል።
- ትንሽ ልጅ ድዱ ላይ ቁስል ወጥቶ ከባድ ሽታ ካመጣ፣ በተለይ ልጁ ከኩፍኝ ያገገመ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ከሆነ። ኖማ የሚባለው በሽታ አጀማመሩ እንዲህ ነው። በቀናት ውስጥ ጉንጭ ድረስ ይበላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በመድኃኒት ይቆማል።
- አፍ ውስጥ ያለ ቁስል ወይም እብጠት ከ2 ሳምንት በላይ አልድን ካለ።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት (ዋርፋሪን፣ ክሎፒዶግሬል፣ አስፒሪን) የምትወስዱ ሰዎች በራሳችሁ አታቋርጡት። ድድ ደማ ብሎ መድኃኒት ያቆመ ሰው በልብ ወይም በአንጎል ላይ አደጋ ሊያመጣ ይችላል። ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ ጽዳቱን ግን ቀስ እያላችሁ ቀጥሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ ማሸጊያው ላይ «ሶፍት» የሚል። ጠንካራው የተሻለ ያጸዳል የሚባለው ስህተት ነው። ፕላክ ለስላሳ ስለሆነ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።
- ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና። ጀርባው ላይ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ) የሚል ፈልጉ። ብራንዱ ያን ያህል ለውጥ የለውም።
- ፍሎስ፣ ማለትም የጥርስ ክር። በጥርሶቻችሁ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ ከክሩ ይልቅ ትንሿ የጥርስ መሃል ብሩሽ ትሻላለች።
- መስታወትና ስልክ። ስልኩ መብራትም፣ ሰዓትም፣ ካሜራም ይሆናችኋል።
- ጨው፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ብርጭቆ።

አሠራሩ

1. ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ፎቶ አንሱ።

ከንፈራችሁን ገልጣችሁ በስልክ መብራት ድዳችሁን እዩ። ጤነኛ ድድ ጥርሱ ላይ ልጥፍ ያለ፣ ጫፉ ስስ ነው። የተቆጣው ጫፉ ወፍሮ ይድቦለቦላል፣ ያብለጨልጫል። «ጤነኛ ድድ ሮዝ ነው» የሚለውን ለብቻው አትመኑት። የብዙዎቻችን ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ነው። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች ላይ ደግሞ መቅላቱ ጭራሽ አይታይም። እነሱ በእብጠቱና በደሙ ይለዩት። የሚደማባችሁን ቦታ ጻፉ፦ «ታች ፊት በውስጥ በኩል»፣ «ላይ ግራ መንጋጋ»። ፎቶውን የምትፈልጉት በ14ኛው ቀን ነው፤ ያኔ «የተሻለኝ ይመስለኛል» ከማለት ይልቅ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ታስተያያላችሁ።

2. ማታ ከመቦረሻችሁ በፊት በጥርሶች መካከል አጽዱ።

ብሩሽ በሁለት ጥርሶች መካከል አይገባም። ድድ ግን መጀመሪያ የሚቆጣው ብዙውን ጊዜ እዚያው ነው። ክሩን ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር ቁረጡ። ሁለቱን ጫፍ በመሃል ጣቶቻችሁ ጠምጥማችሁ መሃል ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ወጥራችሁ ተዉ። ወደ ውስጥ ስታስገቡት እንደ መጋዝ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ቀስ አድርጉ። በኃይል ከተጫናችሁት ወርዶ ድዱን ይቆርጠዋል። ከገባ በኋላ አንደኛውን ጥርስ አቅፎ እንዲይዝ ጠምዝዙት፣ ከድዱ ጫፍ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ጥረጉ። ከዚያ ጎረቤቱን ጥርስ። ብዙ ሰው ክሩን አስገብቶ ያወጣና ጨረስኩ ይላል፤ እንደዚያ ቁርጥ ሥጋ ይወጣል እንጂ ፕላክ አይወጣም።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየቦታው ይደማል። ይጠበቃል። በየቀኑ ከተሠራ አብዛኛው በ1 ሳምንት ገደማ ይቀንሳል።

ስቴኪኒ ፍሎስን አይተካም። የተሰነቀረ ነገር ለማውጣት ይሁን፤ ግን እየነዳችሁ ድዱ ውስጥ አትስደዱት። በየምሳው አንድ ቦታ ላይ ሥጋ የሚሰነቀርባችሁ ከሆነ እዚያ የተበላ ጥርስ ወይም በደንብ ያልገጠመ ሙሌት ሊኖር ይችላል። መታየት አለበት።

3. በድዱ መስመር ላይ ቦርሹ።

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን የምንቦርሸው የጥርሱን ሆድ ነው፤ በሽታው ያለው ግን ጠርዙ ላይ።

ብሩሹን እንደ እርሳስ በጣቶቻችሁ ያዙት። በጭብጥ ከያዛችሁት ሳይታወቃችሁ ጉልበት ትጨምራላችሁ። ፀጉሩ ግማሹ ጥርስ፣ ግማሹ ድድ ላይ እንዲያርፍ አድርጋችሁ ወደ ድዱ ዘንበል አድርጉት፤ 45 ዲግሪ ገደማ። ለላይኛው ጥርስ ፀጉሩ ወደ ላይ ያያል፣ ለታችኛው ወደ ታች። እንዲህ ሲሆን የፀጉሩ ጫፍ ድዱና ጥርሱ መሃል ያለችው ጠባብ ቦይ ውስጥ ይገባል። ሌላ አያያዝ እዚያ አያደርሳችሁም።

አሁን ቦታውን ሳትለቁ ባለበት አንቀጥቅጡት። ወለል እንደሚፈገፍግ ሰው ከጆሮ እስከ ጆሮ መፈግፈግ የለም። ቀስ ብላችሁ እስከ 5 ቁጠሩና ወደሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ጥርሶች እለፉ። ከላይ ቀኝ መንጋጋ በውጭ በኩል ጀምሩ፣ እስከ ግራ ሂዱ፣ በውስጥ በኩል ተመለሱ። ታችኛውንም እንዲሁ። በመጨረሻ የሚያኝከውን ገጽ። ተራ ካልያዛችሁ በየቀኑ አንዱን ቦታ ትዘላላችሁ፤ ያውም ያንኑ ቦታ። ሁሉም ሲደመር 2 ደቂቃ ይሆናል። ስልካችሁ ላይ ሙሉት፤ ያለ ሰዓት 2 ደቂቃ የሚመስለን ብዙ ጊዜ 40 ሴኮንድ አይሞላም።

አብዝቶ የሚረሳው ቦታ የታችኞቹ የፊት ጥርሶች የውስጥ ገጽ ነው። ከምላስ ሥር የሚፈሰው ምራቅ እዚያው አጠገብ ይወጣል። ምራቁ ውስጥ ያለው ካልሲየም ፕላኩን ያደነድነውና የጥርስ ድንጋይ፣ ታርታር ያደርገዋል። ብሩሹን አቁማችሁ በጫፉ አንድ በአንድ ጥረጓቸው።

የሳሙናው አረፋ ቀይ ሲሆን አትደንግጡ። ደም ካያችሁበት ቦታ አትሽሹ። ጉልበት ቀንሱ፣ ጊዜ ግን አትቀንሱ።

4. ትፉ፤ በውኃ አትጉመጥመጡ።

ለአዋቂ አተር የሚያህል ሳሙና ይበቃል። ቦርሻችሁ ስትጨርሱ አረፋውን ደጋግማችሁ ትፉና በቃ። በውኃ ስትጉመጥመጡ ጥርሱ ላይ ሊቆይ የሚገባውን ፍሎራይድ አጥባችሁ ትደፉታላችሁ። መጀመሪያ ላይ አፍ ውስጥ የሳሙና ጣዕም መቅረቱ ይከብዳል፤ በ3 ወይም በ4 ቀን ይለመዳል።

5. በቀን 2 ጊዜ፣ የማታው ሳይቀር።

ከሁለቱ አንዱን መዝለል ግድ ከሆነ የጠዋቱን ዝለሉ። ስንተኛ ምራቅ በጣም ይቀንሳል። ምራቅ ደግሞ የአፍ አጣቢ ነው። እራት ከነፍርፋሪው ይዞ የተኛ አፍ ሌሊቱን ሙሉ ባክቴሪያ ይቀልባል። ከማታው ብሩሽ በኋላ ከውኃ ሌላ ምንም አይቀመስም፤ ስኳር ያለው ሻይም ቢሆን።

የምትጾሙና ቀን ላይ ውኃ እንዳትውጡ የምትሰጉ ሰዎች የመጨረሻውን ምግብ በልታችሁ ስትጨርሱ በደንብ ቦርሹ። ቀን ላይ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ፣ ያለ ሳሙና ማጽዳትም ይቻላል። ፕላኩን የሚያነሳው ፀጉሩ ነው።

6. ድዱ እየቆጠቆጠ ካስቸገረ ጨው ውኃ።

በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። 30 ሴኮንድ ያህል ተጉመጥምጣችሁ ትፉ፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት ያህል። ሕመም ያስታግሳል። ፕላክ ግን አያነሳም፤ ስለዚህ በብሩሽ ምትክ አይሆንም። ደም ግፊት ያለባችሁ አትዋጡት።

7. በ7ኛው ቀን እዩ፣ በ14ኛው ወስኑ።

በ7ኛው ቀን ደሙ መቀነስ አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ላይቆም ይችላል። በ14ኛው ቀን ያንኑ ፎቶ በዚያው ብርሃን ድገሙና አስተያዩ። ደሙ ቆሞ ድዱ ከተለጠፈ ይህንኑ እየቀጠላችሁ ኑሩ። ብሩሹን በ3 ወር ቀይሩ፤ ፀጉሩ ቀድሞ ከተንጨባረረ ቀድማችሁ። በ1 ወር የሚንጨባረር ከሆነ ደግሞ ጉልበታችሁ በዝቷል ማለት ነው።

አሁንም የሚደማ ከሆነ ታች ወዳለው «በ14 ቀን ካልቆመ» ወደሚለው ክፍል እለፉ።

በመፋቂያ ለምትጠቀሙ

መፋቂያ በትክክል ከተያዘ ፕላክ ያነሳል። የማያገኘው ሁለት ነገር ነው፦ ፍሎራይድና የውስጥ ገጽ።

የወይራ ወይም የክትክታ እርጥብ እንጨት ውሰዱ። ጫፉን 1 ሳንቲሜትር ያህል እያኘካችሁ እንደ ብሩሽ በትኑት። ደረቅ እንጨት ድድ ስለሚወጋ ውኃ ውስጥ አቆዩት። አፋፋቁ ከድዱ ወደ ጥርሱ ጫፍ ነው፤ ለላይኛው ወደ ታች፣ ለታችኛው ወደ ላይ። ወደ ጎን ሲፋቅ ድዱ እየሸሸ ይሄዳል፤ ሥሩ ይገለጥና ቀዝቃዛ ውኃ መጠጣት ያሰቃያችኋል። የውስጡን ገጽ ለማግኘት የተበተነውን ጫፍ ቀለበስ አድርጉት። ከተጠቀማችሁ በኋላ ያረጀውን ጫፍ ቁረጡ፤ አቧራ የጠጣ መፋቂያ ከኪስ አውጥቶ መቀጠል አይሆንም። ማታ ማታ ትንሽ ሳሙና ብትቀቡት ፍሎራይዱም ይገኛል።

የማታውቁትን ዛፍ አትቁረጡ። በተለይ እንደ ቁልቋልና ቅንጭብ ነጭ ወተት የሚያወጣውን ፈጽሞ፤ ወተቱ አፍና ዓይን ያቃጥላል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ሎሚ ማሸት። አክስቴ ለዓመታት ጥርሷን በሎሚ ታሽ ነበር፤ «ያነጣልኛል» እያለች። የሎሚ አሲድ የጥርሱን ጠንካራ ሽፋን ያሟሟዋል። አንዴ ከሄደ አይተካም። አሁን ሻዩን አቀዝቅዛ፣ ውኃውን አሙቃ ነው የምትጠጣው።

ከሰልና አመድ። ጥርስ ይፍቃል፤ ብናኙም ድዱ ሥር ይቀራል።

ካፕሱል ከፍቶ ዱቄቱን ድድ ላይ መነስነስ፣ ወይም አስፒሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ። አስፒሪን ሥጋውን ያቃጥላል፤ ነጭ ሆኖ ይላጣል። አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥም ለሚደማ ድድ መፍትሔ አይደለም። ፕላኩ ጥርሱ ላይ እስካለ ድረስ ኪኒኑ ሲያልቅ ደሙ ይመለሳል።

የአፍ መጉመጥመጫ ላይ መደገፍ። ክሎርሄክሲዲን ያለበት በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ ይረዳል። ከ2 ሳምንት በላይ ሲወሰድ ጥርስና ምላስ ላይ ቡናማ ቀለም ይተዋል፤ ጣዕምም ያዛባል።

ካስመለሰ ወይም ሎሚ ነገር ከጠጣ በኋላ ወዲያው መቦረሽ። አሲዱ ሽፋኑን ስላለሰለሰው ብሩሹ ይፍቀዋል። በውኃ ተጉመጥምጣችሁ 30 ደቂቃ ቆዩ።

እኔስ? የምትሉ

እርጉዝ ከሆናችሁ፦ ሆርሞኑ ድዱን ለፕላክ ቁጡ ያደርገዋል። ያው ትንሽ ፕላክ ከእርግዝና በፊት ያላደረገውን ያደርጋል። «ልጁ ካልሲየም ከጥርሴ እየወሰደብኝ ነው» ይባላል፤ ስህተት ነው። አሠራሩ ያው ነው። ክሊኒክ የሚደረግ ጽዳትም በእርግዝና ጊዜ ይቻላል፤ የሚመቸው ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ነው። ጠዋት ጠዋት ሳሙናው የሚያስመልሳችሁ ከሆነ በውኃ ብቻ ቦርሹ፣ ሳሙናውን ለማታ።

ስኳር በሽታ ካለባችሁ፦ ከፍ ያለ ስኳር ድዱን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ የተቆጣ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። 14 ቀን አትጠብቁ። መመሪያውን ዛሬ ጀምሩ፣ ቀጠሮም ዛሬ ያዙ። በሌላ በኩል ስኳር እንዳለባችሁ ሳታውቁ ውኃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ ሽንት መሽናትና የድድ መግል አንድ ላይ ከመጡ ስኳራችሁን ተለኩ።

የምታጨሱ ከሆነ፦ ድዳችሁ ስላልደማ ደህና ነኝ አትበሉ። ሲጋራ የድዱን ደም ስር ስለሚያጠብ ደሙን ይደብቃል፤ በሽታው ከሥር ይሄዳል። ጫት የምትቅሙ ደግሞ የምትወትፉበትን ጉንጭ በኩል ለብቻው እዩት። ቅጠሉ እዚያ ድድ ላይ ሰዓታት ይቆያል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር ይጨመርበታል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት (ፌኒቶይን) ወይም የግፊት መድኃኒት (አምሎዲፒን፣ ኒፌዲፒን) የምትወስዱ፦ ድዱ እያደገ ጥርሱን የሚሸፍን ከሆነ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል። አታቁሙት፤ ለጻፈላችሁ ሐኪም አሳዩ።

ስምጥ ሸለቆ ላደጋችሁ፣ ወንጂ፣ መቂ፣ ዝዋይና አካባቢው፦ «ጥርሴን ያበለዘው ፍሎራይድ ነው፤ ለምን ፍሎራይድ ያለው ሳሙና ትለኛለህ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ፣ ያበለዘው ውኃው ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ ነው። ነገር ግን ቀለሙ የሚገባው ጥርሱ ድድ ውስጥ ሆኖ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ ነው። አዋቂ ላይ የሚተፋ ሳሙና አያበልዝም። ጥንቃቄው ለልጆች ነው፦ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት አተር የምታህል ብቻ፣ እናንተ አጠገባቸው ቆማችሁ፣ እንዲተፉ እያደረጋችሁ።

በ14 ቀን ካልቆመ

ታርታር አለ ማለት ሊሆን ይችላል። ፕላክ ከደነደነ በኋላ የትኛውም ብሩሽ አያነሳውም። በጥፍራችሁ ወይም በመርፌ ልትፈለቅቁት አትሞክሩ። በዚያ ሰበብ የተቀደደ ድድ አይቻለሁ።

ክሊኒክ ስትሄዱ «ጥርስ መታጠብ እፈልጋለሁ» ከምትሉ «ድዴ ይደማል፤ 14 ቀን በትክክል ቦርሼ አልቆመም» በሉ። ልዩነት አለው። በመጀመሪያው ንግግር የሚታየውን ጠርገው ሊልኳችሁ ይችላሉ። በሁለተኛው በድዱና በጥርሱ መሃል ያለውን ቦይ በቀጭን መለኪያ ይለኩታል። እስከ 3 ሚሊሜትር ደህና ነው። ከ4 ጀምሮ ከድዱ ሥር ያለውም መጽዳት አለበት፤ አጥንቱን ለማየት ራጅ ሊያስፈልግ ይችላል። ካልለኩላችሁ ጠይቁ። ፎቶዎቹን አሳዩ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ።

ከጽዳቱ በኋላ ለጥቂት ቀናት ቀዝቃዛ ነገር ይነዝራችኋል፤ ያልፋል። በጥርሶቹ መካከል ክፍተትም ይታያችኋል። እዚህ ላይ ነው «ጥርሴን አሳጥቤ አነቃነቁብኝ» የሚባለው። ድንጋዩ ክፍተቱን ሞልቶ፣ የላላውን ጥርስ ከጎረቤቱ ጋር አጣብቆ ይዞት ነበር። ሲነሳ ከሥሩ የነበረው ጉዳት ታየ። ድዱ ሲበርድ የተነቃነቀው ጥርስ አንዳንዴ በሳምንታት ውስጥ ይጠብቃል። በዚያው ዕለት ማታ፣ በለስላሳው ብሩሽ፣ ከደረጃ 2 ጀምራችሁ ቀጥሉ።